ከድንጋዩ ሥር እባብ አለ? አስፈሪ ፊልምና የራፕተርስ ሁለት ጁላዮች

የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ ስለ ሙያው ሲጠየቅ የሚያነሣው አንድ ምሳሌ ነበረው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ድንገት ከጠረጴዛው ሥር የተጠመደ ቦምብ ይፈነዳል። ተመልካቹ ክው ይላል፤ ድንጋጤው ግን አሥራ አምስት ሰከንድ ቢቆይ ነው። አሁን ደግሞ ያንኑ ትዕይንት፣ ቦምቡ መጠመዱንና ልክ ሰባት ሰዓት ላይ እንደሚፈነዳ ለተመልካቹ አስቀድመን አሳውቀን እናሳየው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይላል። ሰዎቹ ስለማይረባ ነገር ማውራታቸውን ቀጥለዋል። ተመልካቹ «ኧረ ተነሡ!» ብሎ መጮህ ያምረዋል። የአሥራ አምስት ሰከንዱ ድንጋጤ የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥጋት ሆነ ማለት ነው።

የካናዳው የቅርጫት ኳስ ቡድን የቶሮንቶ ራፕተርስ ደጋፊዎች ሲኒማ ቤት መግባት ሳያስፈልጋቸው ሁለቱንም በሁለት ተከታታይ ዓመታት ቀምሰዋል። የሰሜን አሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ ውድድሩን ሰኔ ላይ ከጨረሰ በኋላ ቡድኖች ተጫዋች የሚለዋወጡበት፣ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾችም አዲስ ቡድን የሚመርጡበት የእረፍት ጊዜ ይመጣል። ሜዳው ጭር ይላል፤ የደጋፊው ልብ ግን አያርፍም።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2018 የሆነው ነው። ራፕተርስ በዚያ ዓመት 59 ጨዋታ አሸንፎ የራሱን ክብረ ወሰን ቢያሻሽልም፣ በጥሎ ማለፉ በሌብሮን ጄምስ ክሊቭላንድ 4 ለ 0 ተጠራርጎ ወጣ። በክሊቭላንድ ሲሰናበት ሦስተኛ ተከታታይ ዓመቱ ነበር። አሠልጣኙ ድዌን ኬሲ ተባረረ፤ ከተባረረ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሊጉ የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ብሎ ሸለመው። ከዚያ ጁላይ 18 ከተማዋ ያልጠበቀችው ዜና መጣ። ከ2009 ጀምሮ ዘጠኝ የውድድር ዘመን የተጫወተው፣ የቡድኑ ፊት ሆኖ የኖረው ዴማር ዴሮዛን ወደ ሳን አንቶኒዮ ተላልፎ ነበር። በምትኩ የመጣው ካዋይ ሌናርድ ነው። ካዋይ ትልቅ ተጫዋች መሆኑን የሚጠራጠር አልነበረም፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት በጭኑ ጉዳት ምክንያት የተጫወተው 9 ጨዋታ ብቻ ሲሆን ውሉም የቀረው አንድ ዓመት ነበር። ዴሮዛን የተነገረኝ ሌላ፣ የሆነው ሌላ ነው ሲል በይፋ ቅር መሰኘቱን ገለጸ። የቡድኑ ፕሬዚዳንት ማሳይ ዩጂሪም ለተፈጠረው አለመግባባት ይቅርታ ጠየቀ።

ይህ የሂችኮክ የመጀመሪያው ቦምብ ነው። ማንም ሰዓት አላሳየም።

ድንጋጤ ከፍርሃት ዓይነቶች ሁሉ ፈጣኑ ነው። ድንገተኛ ጩኸት ጆሮ ሲደርስ ሰውነት የሚያስበውን የአንጎል ክፍል ፈቃድ አይጠብቅም። በአንጎል ግንድ ውስጥ ባለ አጭር የነርቭ መስመር በኩል ዐይን ይጨፈናል፣ አንገት ይሰበሰባል፣ ትከሻ ይነሣል። የዐይኑ መጨፈን የሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል እንኳ ላይፈጅ ይችላል። አስፈሪ ፊልም ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ትዕይንቱን ጸጥ ያደርጉና በሩ ሲከፈት ድምፁን ይለቁታል። እውነቱን ለመናገር ርካሽ ዘዴ ነው፤ ፊኛ ጆሮ ሥር ቢያፈነዱም ያው ነው።

ከዚህ ትንሽ ዘግየት የሚለው ሌላ መንገድ አለ። የነርቭ ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ለዱ እንዳሳየው፣ አደጋ የሚመስል ነገር ሲታይ ወይም ሲሰማ መልእክቱ በሁለት አቅጣጫ ይጓዛል። አንዱ አቋራጭ ነው፤ በቀጥታ አሚግዳላ ወደምትባለው፣ በግራና በቀኝ አንጎል ውስጥ ወደተቀመጠችው ትንሽ ክፍል ይደርስና ልብን ያስመታል፣ ላብ ያስወጣል። ሌላው ረጅም ነው፤ በአንጎል ቅርፊት በኩል ዞሮ ያየነው ነገር በእርግጥ ምን እንደሆነ ያጣራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚለው አባባል የአቋራጩን ሥራ ልክ ይገልጸዋል፤ ልጥ መሆኑ የሚታወቀው ከተዘለለ በኋላ ነው። ለዱ ራሱ ግን አሚግዳላን «የፍርሃት ማዕከል» ማለት ያሳስታል ሲል ቆይቷል። በሕክምና ጽሑፎች ኤስ ኤም በሚል ምሕፃር ብቻ የምትታወቅ አንዲት አሜሪካዊት አሚግዳላዋ በበሽታ ጠፍቷል። ተመራማሪዎች እባብ አስያዟት፣ አስፈሪ ፊልም አሳዩዋት፣ ለማስፈራሪያ ወደተዘጋጀ አሮጌ ሆስፒታል ወሰዷት፤ አልፈራችም። በ2013 በወጣ ጥናት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር ስትተነፍስ በድንጋጤ ተርበተበተች። ከአካል ውስጥ የሚነሣ ፍርሃት ሌላ በር አለው ማለት ነው።

የዝውውር ዜና ግን ጩኸት የለውም፤ ስልክ ላይ የሚነበብ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ታዲያ ለምን ያን ያህል ያማል? እኔ እንደማስበው ዋናው ምክንያት ፍርሃት ሳይሆን የባለቤትነት ስሜት ነው። ዚቭ ካርሞንና ዳን አሪየሊ በ2000 ያሳተሙት ጥናት እዚሁ ቅርጫት ኳስ ውስጥ የተሠራ ነው። በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለትልቅ ጨዋታ ትኬት ይሻማሉ፤ ማን እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕጣ ነው። ከዕጣው በፊት ሁሉም እኩል ይፈልጉት ነበር። ዕጣ ያልደረሳቸው ትኬቱን ለመግዛት በአማካይ 170 ዶላር ገደማ እንከፍላለን ሲሉ፣ የደረሳቸው ደግሞ ለመሸጥ 2,400 ዶላር ገደማ ጠየቁ። የያዝነው ነገር የእኛ በመሆኑ ብቻ ዋጋው ይንራል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንደሚባለው ነው፤ በዚህ ላይ ዴሮዛን ሰይጣን አልነበረም፣ በጣም የሚወደድ ሰው ነበር። ደጋፊው በዚያች ዕለት የሚያመዛዝነው ሁለት ተጫዋቾችን አይደለም። የራሱን ዘጠኝ ዓመት ትዝታ ገና ምንም ትዝታ ከሌለው እንግዳ ጋር ነው።

እንግዳው ግን ትዝታ ለመሥራት ብዙ አልቆየም። ሜይ 12 ቀን 2019 ከፊላደልፊያ ጋር በተደረገው ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ካዋይ ከማዕዘን የወረወራት ኳስ የቅርጫቱን ቀለበት አራት ጊዜ ነጥራ ገባች፤ 92 ለ 90። በእነዚያ አራት ንጥረቶች መካከል አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ዶልፍ ዚልማን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ ያቀረበው ሐሳብ ቀጥሎ የመጣውን ጩኸት ያብራራል። ጭንቀት የቀሰቀሰው የልብ ምትና አድሬናሊን ጭንቀቱ ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም፤ ይቆይና ለሚቀጥለው ስሜት ይተርፋል፣ ደስታውንም ያጋግለዋል። ከአስፈሪ ፊልም የወጡ ጓደኛሞች በረንዳ ላይ ያለልክ የሚስቁትም ለዚህ ነው። ራፕተርስ ጁን 13 በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ።

ወዲያው ሁለተኛው ቦምብ ተጠመደ። በዚህኛው ላይ ሰዓቱ ለሁሉም ይታይ ነበር። የካዋይ ውል አልቋል፤ ወይ ይቆያል፣ ወይ ከሎስ አንጀለሱ ሌከርስ ወይም ክሊፐርስ አንዱን ይመርጣል። እሱ ደግሞ የማይናገር ሰው ነው። በጁላይ መጀመሪያ ቶሮንቶ ውስጥ ሰዎች የአውሮፕላን መከታተያ ድረ ገጾችን እያዩ የማን አውሮፕላን የት እንዳረፈ ይመረምሩ ነበር፤ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሳይቀር ካዋይ ተሳፍሮበታል የተባለን ጥቁር መኪና በሄሊኮፕተር ተከትሎ በቀጥታ አስተላልፏል። አዲስ አበባ ላለ የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩ ስልኩን ስንቴ እንደሚከፍት ያውቀዋል።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራና በ2016 የወጣ ጥናት ለዚህ ሁኔታ ልክ የተሰፋ ይመስላል። 45 ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ድንጋይ እየገለበጡ ከሥሩ እባብ መኖር አለመኖሩን ይገምታሉ። እባብ ካለ እጃቸው ላይ የሚያምም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስባቸዋል። ዕድሉ በየጊዜው ስለሚቀያየር መላው ቶሎ አይገኝም። ተመራማሪዎቹ የተሳታፊዎቹን ላብና የዐይን ብሌን መስፋት ለኩ። ጭንቀቱ ጣሪያ የነካው ንዝረቱ የማይቀር ሲሆን አልነበረም፤ ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ሲሆን ነው። በእርግጠኝነት እንደሚያማቸው ያወቁ ሰዎች፣ ይሁን አይሁን ካላወቁት ይልቅ ረጋ ብለው ነበር።

ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 ለዕይታ የበቃውን «ጆውስ»ን ሲሠራ ሰው ሠራሹ ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረው ፊልሙን ያለ ሻርክ ብዙ ርቀት ማስኬድ ነበረበት። ውኃውን ብቻ እያሳየ ሙዚቃውን ማሰማቱ ፊልሙን የባሰ አስፈሪ አደረገው። የካዋይ ዝምታም ያንኑ ሥራ ሠርቷል።

እዚህ ላይ ግን በፊልሙና በቡድኑ መካከል ያለው ልዩነት ይወጣል። በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 110 ሰዎችን የልብ ምት መለኪያ አስረው ወደ አንድ የማስፈራሪያ ቤት አስገቧቸው። በ2020 የወጣው ውጤት እንደሚለው ሰዎቹ በጣም የተደሰቱት ፍርሃቱ መካከለኛ ሲሆን ነው። ሲያንስ ይሰለቻሉ፣ ሲበዛ ይሸሻሉ። ፊልም ተመልካች ይህን መጠን በእጁ ይዞታል፤ ዐይኑን ይሸፍናል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት እንደሚበራ ያውቃል። ማይክል አፕተር የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህንን መከላከያ አጥር ይለዋል፤ አጥሩ እስካለ ድረስ አንጎል የልብ ምቱን ጨዋታ ብሎ ይተረጉመዋል። በእረፍት ወራት ያለ ደጋፊ አጥር የለውም። መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም፣ ማጥፊያ ቁልፍ የለም፣ የሚጠፋውም ነገር የራሱ ነው። ስለዚህ ያው ላብና ያው የልብ ምት አንዱን ሲያዝናና ሌላውን እንቅልፍ ይነሣዋል።

ዜናው የመጣው በጁላይ 5 ሌሊት ነው። በዚያኑ ምሽት ደቡብ ካሊፎርኒያ መጠኑ 7.1 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተናውጣ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ እየተካሄደ የነበረ የኤንቢኤ የበጋ ጨዋታም ተቋርጦ ነበር። ከሰዓታት በኋላ ካዋይ ወደ ክሊፐርስ መሄዱ ተሰማ።

ቶሮንቶ የፈራችውን ያህል ተጎዳች? ቲሞቲ ዊልሰንና ዳንኤል ጊልበርት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2000 ባወጡት ጥናት፣ የኮሌጅ ቡድን ደጋፊዎች የጨዋታ ውጤት ስሜታችንን ለቀናት ይነካዋል ብለው ከገመቱት ይልቅ ቶሎ ወደ ራሳቸው ይመለሱ ነበር። ስለ ሽንፈቱ ብቻ ስናስብ፣ በእነዚያው ቀናት ፈተና እንዳለን፣ ጓደኛ እንደምናገኝ፣ ሥራ እንደሚበዛብን እንረሳለን። ተሳታፊዎቹ ስለ እነዚህ ተራ ጉዳዮች አስቀድመው እንዲያስቡ ሲደረግ ግምታቸው ወደ እውነቱ ተጠጋ። ካዋይን ያጣው ራፕተርስ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ባጠረው የ2019-20 ውድድር 53 ጨዋታ አሸንፎ 19 ብቻ ተሸንፎ በምሥራቁ ምድብ ሁለተኛ ወጣ፤ በጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር በቦስተን በሰባተኛው ጨዋታ ተሰናበተ። ክሊፐርስም በዚያው ዙር ዴንቨርን 3 ለ 1 እየመራ ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።