ቡቺ ሲታመም፣ ቡቺ ሲሞት

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የቤት እንስሳት ጤና፣ ደኅንነትና የባለቤቶቻቸው ሐዘን፦ ዳሰሳ

ከሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ ተነስቶ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው አስፐን ሂል ሰፈር ሲደርስ አንድ አሮጌ የመቃብር ቦታ ያገኛል። ሐውልቶቹ አነስ አነስ ያሉ ናቸው፤ ከተቀረጹባቸው ስሞች አብዛኞቹ የውሻና የድመት ናቸው። አስፒን ሂል ይባላል። ሪቻርድና በርታ በርኒ የተባሉ ውሻ አርቢ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መባቻ የመሠረቱት ሲሆን፣ በአሜሪካ ካሉት ቀደምት የእንስሳት መቃብሮች አንዱ ነው። ራግስ የተባለው ውሻ ያረፈው እዚህ ነው። የአሜሪካ 1ኛ ክፍለ ጦር ወታደር እ.ኤ.አ. በ1918 ፓሪስ ውስጥ አገኘው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር መልእክት ሲያመላልስ ቆስሎ ተረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ሞተ። ኤፍ.ቢ.አይን ለረጅም ዘመን የመሩት ጄ. ኤድጋር ሁቨርም ውሾቻቸውን የቀበሩት እዚሁ ነው። ከእነዚህ ስመ ጥሮች ጎን ደግሞ ታሪክ የማያውቃቸው ብዙ ሰዎች ለውሻቸውና ለድመታቸው ያስቀረጹት ድንጋይ ይታያል።

በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚመላለሱ የሀገራችን ሰዎች ብዙ ናቸው። ዛሬ በእኛም ቤቶች ውስጥ ቡቺ አለ፤ ድመት አለ፤ በረት ያላየች ጥንቸልም አለች። ብዙ ጊዜ ወደ ቤት ያስገቧቸው ልጆች ናቸው፤ ውሎ አድሮ ግን ከሁሉ በላይ የሚለምዳቸው አባት ወይም እናት ይሆናል። እንስሳው ሲታመም የት እንደሚሄዱ፣ ሲሞትም ምን እንደሚሉ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይህ ዳሰሳ የተጻፈው ለእነሱ ነው።

ከአጥር እስከ ሳሎን

ያደግንበት ቤት ውሻ የበር ጠባቂ፣ ድመትም የአይጥ አዳኝ ነበሩ። ትርፍራፊ በልተው ውጭ ያድራሉ። የእንስሳት ሐኪም ሲባል የሚታሰበን የከብት ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ደብረ ዘይት ላይ የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም ከባዱ ሥራው በሬ፣ ላም፣ በግና ዶሮ ነው፤ የገበሬው ኑሮ የቆመው በእነሱ ላይ ነውና።

ውሻን የምንፈራበትም ምክንያት ነበረን። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው ይገድላል፤ ከተያዙት ሰዎች 99 በመቶው በሽታውን የሚያገኙት ከውሻ ነው። ሟቾቹ በብዛት የእስያና የአፍሪካ ሰዎች፣ በተለይም ልጆች ናቸው። በመንደራችን የተነከሰ ልጅ ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም ሲወሰድ፣ ክትባቱም ሲዘገይ አይተናል። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ «ውሻ ከቤት ይውጣ» የሚሉ እናት የሚናገሩት ከጭካኔ ሳይሆን ካዩት ነገር ነው።

ፍቅሩ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባለውን ቺዋዋ ውሻቸውን ከእጃቸው አይለዩትም ነበር። እረኛም ውሻው በጅብ ሲበላ ያለቅሳል። ሐዘኑ ነበር፤ በአደባባይ የሚነገርበት ልማድ ግን አልነበረም።

ክትባትና ሕግ

በሜሪላንድ ውሻ፣ ድመትና ፌሬት፣ በቨርጂኒያም ውሻና ድመት 4 ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ ግዴታቸው ነው። ከዚያ የካውንቲው ወይም የከተማው ፈቃድ ይወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥራውን የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2014 ደርዉድ ውስጥ የተከፈተው የእንስሳት አገልግሎትና የማደጎ ማዕከል ነው። በአሌክሳንድሪያ ደግሞ አይዘንሃወር አቬኑ ላይ ባለው የቮላ ሎውሰን መጠለያ የሚሠራው የአሌክሳንድሪያ የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ነው። የጠፋ እንስሳ የሚፈለገውም፣ ማደጎ የሚወሰደውም እነዚህ ዘንድ ነው። ሜሪላንድ ከእ.ኤ.አ. 2020 መግቢያ ጀምሮ ሱቆች ውሻና ድመት እንዳይሸጡ ስለከለከለች፣ መጠለያ የመጀመሪያው በር ሆኗል።

«ውሻዬ ከቤት አይወጣም፣ ክትባት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። እዚህ አካባቢ የእብድ ውሻ በሽታ ዋና ተሸካሚ ራኩን ነው፤ የሌሊት ወፍም በመስኮት ይገባል። የተከተበ ውሻ ከታመመ እንስሳ ጋር ቢነካካ ክትባቱ ይደገምለትና 45 ቀን ቤቱ ይጠበቃል። ያልተከተበ ከሆነ ግን የሚጠብቀው 4 ወር ተለይቶ መቆየት ወይም መገደል ነው። በአንዲት መርፌ ምክንያት ልጅ የሚወደውን ጓደኛ የሚያጣበት ቤት መኖር አልነበረበትም።

ከእብድ ውሻ በሽታ ሌላ የአካባቢው የአየር ጠባይ ራሱ የሚያመጣቸው በሽታዎች አሉ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ መዥገር የሚበዛባቸው ናቸው፤ መዥገር ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ትንኝ ደግሞ የልብ ትልን ታስገባለች። ትሉ በልብና በሳንባ የደም ሥር ውስጥ ያድጋል፤ ሕክምናው ውድና አድካሚ ሲሆን መከላከያው ግን በየወሩ የሚዋጥ ኪኒን ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች መከላከያው ክረምት ከበጋ ሳይባል ዓመቱን ሙሉ እንዲሰጥ ይመክራሉ። ቡችላ ፓርቮ በሚባለው የአንጀት በሽታ በጥቂት ቀን ሊሞት ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹ ተከታታይ ክትባቶች እስኪያልቁ ብዙ ውሾች የሚረግጡትን ሣር ባይረግጥ ይሻላል። ወንድ ድመት ሽንት ለመሽናት እያማጠ ጠብ የማይልለት ከሆነ እስከ ነገ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት።

የእኛ ማድ ቤት

ወጣችን በሽንኩርት ይጀምራል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የተቁላላ ወይም ዱቄት፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ ድመት የበለጠ ትጎዳለች። ስለዚህ ወጥ የነካ እንጀራ ማጉረስ ፍቅር ቢመስልም መርዝ ማጉረስ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ከጾም ፍቺ ማግስት የሚጣልለት ጮማና ቅቤ ቆሽትን ያስቆጣል። የተቦካ ሊጥ ሆድ ውስጥ እያበጠ አልኮል ያመነጫል። ቡና፣ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ ሁሉም አደጋ ናቸው። ስኳር የለሽ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ይጥላል። ለፋሲካ ቤት የሚያሳምረው ነጭ የሊሊ አበባ የድመትን ኩላሊት ያጠፋል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ይከልከሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወፍ ጉንፋን የያዛቸውን ላሞች ጥሬ ወተት የጠጡ የቴክሳስ የእርሻ ድመቶች ሞተዋል።

ከማድ ቤት ቀጥሎ የመድኃኒት ሣጥን ነው። አንድ የታይሌኖል ፍሬ ድመት ሊገድል ይችላል፤ አድቪል ውሻን ይጎዳል። ለሰው የሚሠራ ለእንስሳ ይሠራል ብሎ ማንም እንዳይገምት። የማይገባውን ከበላ በቤት ውስጥ ለማስመለስ ከመሞከር በፊት መደወል ይገባል። ኤ.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. የተባለው አንጋፋ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል ቁጥር 888-426-4435 ነው። ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ ለምክሩ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።

መኪና፣ ርችት፣ ጉዞ

የሐምሌ ፀሐይ ሥር የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይጨምራል። መስኮት ሸርተት ማድረግ አያድንም። «መጣሁ» ተብሎ እንጀራ ለመግዛት የሚገባባት ደቂቃ የውሻ ሕይወት ልትወስድ ትችላለች። የጁላይ 4 ርችት ደግሞ ውሻን አስደንግጦ ያስበረግጋል፤ በዚያ ሌሊት በርና መስኮት ይዘጋ። በአሌክሳንድሪያ ረጃጅም አፓርታማዎች ድመት ያለው ሰው የመስኮቱን መረብ መፈተሽ አለበት።

የጠፋን እንስሳ የሚመልሰው ከቆዳ ሥር የሚገባው የሩዝ ፍሬ የሚያህል ማይክሮቺፕ ነው። ብዙዎች ቺፑ ያለበትን ቦታ የሚናገር ይመስላቸዋል። ቺፑ የያዘው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የሚጠቅመው የባለቤቱ ስልክ በመዝገቡ ላይ ትክክል ከሆነ ነው። ስልክ ወይም ቤት የቀየረ ሰው ይህን ካላስተካከለ ቺፑ ከንቱ ነው።

ለገና ውሻውን ይዞ አዲስ አበባ መሄድ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የመመለሻውን ሕግ ያንብብ። ከእ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለውና ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ ስላለች ለእኛ ይጠብቃል። እዚህ የተከተበ ውሻ የክትባት ማረጋገጫው ከመነሳቱ በፊት ፈቃድ ባለው ሐኪም ተሞልቶ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት መጽደቅ አለበት። ኢትዮጵያ የተከተበው ደግሞ ተጨማሪ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ የሚያርፈውም የእንስሳት መቀበያ ባለባቸው የተወሰኑ አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ነው፤ ደለስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ወረቀቱ ያልተሟላ ውሻ ከበሩ ይመለሳል።

የሐኪም ወጪ

ብዙ ቤተሰብ ሐኪም ጋ የማይሄደው ሂሳቡን ፈርቶ ነው። የተሻለው መንገድ በጊዜ መዘጋጀት ነው። የእንስሳት ኢንሹራንስ አለ፤ ግን ከመግባቱ በፊት የጀመረ በሽታ አይሸፍንም፤ ስለዚህ የሚገባው እንስሳው ጤነኛ ሳለ ነው። መጠለያዎችና ካውንቲዎች በየጊዜው ዋጋው ዝቅ ያለ ክትባት ያዘጋጃሉ። ሐኪሙ ዘንድ ደግሞ «አቅሜ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ የቱ ይቀድማል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ደግ ሐኪም አማራጩን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

አንድ ነገር አደራ። ትንሽ ልጅን በሐኪም ፊት አስተርጓሚ አታድርጉ። «ውሻችሁ አይድንም» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ መልሶ ለአባቱ መንገር የ10 ዓመት ልጅ ሸክም አይደለም። ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም የስልክ አስተርጓሚ ይፈለግ።

የመጨረሻው ቀን

ሰው ሁሉ የሚፈራው ጥያቄ «በመርፌ ይረፍ ወይስ እንጠብቅ?» የሚለው ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ጥቂት ነገሮችን በየቀኑ እየመዘገቡ ማየት ነው፦ ይበላል? ይጠጣል? ሕመሙ በመድኃኒት ይታገሣል? ራሱ ይነሳል? መልካሙ ቀን ከክፉው ይበልጣል? ክፉው ቀን ሲበዛ ጊዜው ቀርቧል። መርፌው በቅድሚያ የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ ከዚያም ፔንቶባርቢታል የሚባል ማደንዘዣ በብዙ መጠን ነው፤ እንስሳው እንቅልፍ እንደወሰደው ሆኖ ያልፋል። ቤት ድረስ የሚመጡ ሐኪሞችም አሉ። እምነታቸው ይህን የማይፈቅድላቸው ሰዎች ደግሞ ሕመም የሚያስታግስ እንክብካቤ እየተሰጠው በራሱ ጊዜ እንዲያልፍ መጠየቅ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ መቃብር ወይም ማቃጠል ነው። ማቃጠሉ ለብቻ ከሆነ አመዱ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በጅምላ ከሆነ አይመለስም፤ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። በመርፌ የሞተ እንስሳ ሬሳው ውስጥ መድኃኒቱ ስለሚቆይ በጥልቀት ካልተቀበረ የሚቆፍሩትን አውሬዎችና ንስሮች ሊገድል ይችላል።

ለቅሶ የማይደረስለት ሐዘን

እኛ ሐዘን እናውቃለን። ሠልስት አለን፣ አርባ አለን፣ ዕድር አለን፤ ድንኳን ሥር አብሮ መቀመጥ ከመድኃኒት እንደሚበልጥ ከማንም ሳንማር እናውቃለን። ቡቺ የሞተበት ሰው ግን በማግስቱ ሥራ ይገባል፤ ታክሲውን ይነዳል፤ ዓይኑ ለምን እንደቀላ ሲጠየቅ «አለርጂ ነው» ይላል። ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ ስታለቅስ «ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ትባላለች።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ማኅበረሰቡ የማያውቀውንና የማያጽናናውን ሐዘን ራሱን የቻለ የሐዘን ዓይነት ብሎ ሰየመው። እንዲህ ያለው ሐዘን የሚከብደው የሚካፈለው ስለሌለ ነው። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እንስሳቸው የሞተባቸው ሰዎች የሚደውሉበት የመጀመሪያው የስልክ መስመር ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ እንስሳ ለሞተባቸው የሚቆም አንድ ሀገር አቀፍ ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ የሐዘን ቡድን የት እንዳለ የእንስሳት ሐኪምን ወይም መጠለያውን መጠየቅ ይቻላል። ሐዘኑ ከብዶ መኖርን ያስጠላው ሰው 988 ይደውል፤ አስተርጓሚ እንዲሰጠው ይጠይቅ።

ለልጅ እውነቱ ይነገረው። «ጠፋ» ቢሉት ሲፈልግ ይኖራል፤ «ተኛ» ቢሉት መተኛት ይፈራል። «ሞተ፤ ከእንግዲህ አያመውም፤ እኛም እናዝናለን» ማለት በቂ ነው። ብቻቸውን የሚውሉ አዛውንቶች ለብቻ ይታሰቡ። ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉ አብሯቸው የሚውለው ያ እንስሳ ብቻ ነበር፤ እሱ ሲሞት የቀኑ ሥርዓት ሁሉ አብሮ ይፈርሳል። በቤቱ የቀረው ሌላ እንስሳም ጓደኛውን ሊፈልግና ምግብ ሊቀንስ ይችላል።

ለእንስሳ ተዝካር ይውጣ የሚል የለም። ቡና ግን ይፈላ። ውሻው ስለሞተበት ጎረቤት ሲሰሙ «እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ስንት ዓመት አብሮህ ኖረ?» ማለት ከማንም ሃይማኖት ጋር አይጋጭም።

አበው «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» ይላሉ። እንስሳው እኛን ተማምኗል። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ያድርጉ፦ የክትባቱ ወረቀት ጊዜው እንዳላለፈ ይመልከቱ፤ በቺፑ መዝገብ ላይ ያለው ስልክዎ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ፤ የመርዝ መቆጣጠሪያውን ቁጥር ፍሪጅ ላይ ይለጥፉ። እንስሳው የሞተበት ሰው ካወቁ ደግሞ ነገ ሳይሉ ይደውሉለት።