ነጩ ማደንዘዣ፦ ስለ ፕሮፖፎል የሚባለውና እውነቱ

ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ሊጠይቅ የተሰበሰበ ቤተ ዘመድ ከቁስሉ ይልቅ ስለ ማደንዘዣው ማውራት ይወዳል። «እስከ አስር ቁጠር ተብዬ አራት ላይ ጠፋሁ» ይላል ታማሚው፤ ከዚያ ሁሉም የሰማውን ይጨምራል። በደም ሥር የሚገባው ያ ወተት መሳይ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፖፎል ነው።

«ያው እንቅልፍ ነው» የሚለው ይቅደም። የተኛን ሰው ብትነቀንቁት ይነቃል። ፕሮፖፎል ግን ጋባ የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ነርቮችን የሚያረጋጋበትን ኃይል ያበረታል፤ ሰውየው ቢጠሩትም ቢነቀንቁትም አይሰማም። መተንፈስንም ሊያቆም፣ የደም ግፊትንም ሊያወርድ ይችላል፤ የሚያከሽፈው መድኃኒት ደግሞ የለም። ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2009 በመኖሪያ ቤቱ የሞተው እንቅልፍ ለማምጣት ተብሎ በተሰጠው ፕሮፖፎል ነው፤ ሐኪሙም በ2011 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለ። በእኔ ግምት ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚያስፈራው፣ አጠገብ ሆኖ ትንፋሽን የሚጠብቅ የሰመመን ባለሙያና መሣሪያ አለመኖሩ ነው።

«ቶሎ የሚነቁት ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጣ ነው» የሚለው የተማረውንም ያሳስታል። ለጤነኛ አዋቂ ማስተኛው በኪሎ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊግራም ሲሆን በ40 ሰከንድ ገደማ ይሠራል። ብዙ ደም የሚደርሰው አንጎል ቀድሞ ይጠጣዋል። ከዚያ ጡንቻና ስብ ከደሙ ይሻሙታል፤ አንጎል ውስጥ ያለውም ወደ ደም ይመለሳል። ዕጣን መጀመሪያ ከማጨሻው አጠገብ ያፍናል፣ ቆይቶ በቤቱ ሲበተን ይሳሳል፤ ከቤት ግን ገና አልወጣም። ታማሚውም ከአንድ መርፌ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ዓይኑን ሲገልጥ መድኃኒቱ ገና ሰውነቱ ውስጥ ነው፤ ጉበት የሚያስወግደው ቀስ እያለ ነው። «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን መኪና መንዳት፣ ውል መፈረም፣ ብቻውን ወደ ቤት መሄድ የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው። ለረጅም ሰዓት ሲንጠባጠብለት የቆየ ሰው ደግሞ ጡንቻውና ስቡ ስለሚሞላ ከአንድ መርፌ ዘግይቶ ይነቃል።

«ምስጢሬን ዘርግፌ ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ይቅለላችሁ። በሙሉ ሰመመን ያለ ሰው አይናገርም፤ ሲነቃ ቢቀባጥርም እውነት የሚያናግር መድኃኒት አልተሰጠውም።

ፕሮፖፎል ሕመምም አያስታግስም፤ ያስተኛል እንጂ። ስለዚህ ለቀዶ ጥገና ሲሰጥ እንደ ፌንታኒል ያለ ማስታገሻ ይጨመርበታል። እንዲያውም ሲገባ ራሱ ደም ሥር ያቃጥላል፤ ይህንን ለመቀነስ ሊዶኬይን ይሰጣል። በአገራችን ሆስፒታሎች በሰፊው የሚሠራበት ኬታሚን ግን ሕመምም ያስታግሳል። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ማደንዘዣ ያው ነው» ማለት አያስኬድም።

ነጭነቱ ከወተት አይደለም። ፕሮፖፎል ዘይትነት ያለው፣ ውኃ ውስጥ የማይሟሟ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ጆን ግሌን በእንግሊዙ አይሲአይ ኩባንያ ያገኙት መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1977 መጀመሪያ በሰው ላይ ሲሞከር ክሬሞፎር በሚባል ማሟሟያ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ማሟሟያው ከባድ አለርጂ አስነሳ። በአኩሪ አተር ዘይት፣ በግሊሰሮልና ከእንቁላል አስኳል በተገኘ ሌሲቲን ተሠርቶ በ1986 ገበያ ወጣ። «እንቁላል የማይስማማው ሰው አይወስደውም» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች በአብዛኛው የሚጎዳው ግን የነጩ ክፍል ፕሮቲን ነው፤ አብዛኞቹ ፕሮፖፎልን ያለ ችግር ይወስዳሉ። ቢሆንም ማንኛውንም አለርጂ ለሰመመን ባለሙያው መንገር አይቀርም።

ስለ ዘይቱ ብዙም የማይወራው ስጋት ሌላ ነው፦ ባክቴሪያ ይመቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሆስፒታሎች በቀዶ ጥገና ታካሚዎች ላይ የታዩ የኢንፌክሽን ወረርሽኞች ሲመረመሩ ከተበከለ ፕሮፖፎል ጋር ተያያዙ፤ መድኃኒቱ የሚቀዳበት ጥንቃቄ ላልቶ ነበር። «ያልቅ ይሆናል» ተብሎ የተከፈተ ብልቃጥ ለነገ አይቀመጥም፣ አንዱም ለብዙ ታካሚ አይከፋፈልም፤ በሰዓታት ውስጥ ያላለቀው ይጣላል።