የመኪና ኮምፒውተሮች ሲኮራረፉ

ዲያግኖስቲክ ማሽኑ ተሰክቶ «ዩ0121» የሚል ኮድ ሲያወጣ፣ ከጎኑ የሚነበበው ትርጉም «ከኤቢኤስ (ከፍሬን መቆጣጠሪያው) ኮምፒውተር ጋር ግንኙነት ጠፍቷል» ይላል። ብዙ ጊዜ ተከትሎ የሚመጣው ፍርድ «ኤቢኤሱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» የሚል ነው። ባለመኪናው ተበድሮም ቢሆን ዕቃውን ይገዛል፤ ይገጠማል፤ ኮዱም ተመልሶ ይመጣል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ኮዱ ከመጀመሪያውም አልዋሸም። የነገረን ማን እንደቀረ ነው፤ ለምን እንደቀረ አልነገረንም። በዕድር ስብሰባ ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ሰው ታሞ ይሆናል፣ መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል፣ ጥሪውም ጨርሶ አልደረሰው ይሆናል።

የብልሽት ኮዶች ከአራት ፊደላት በአንዱ ይጀምራሉ። «ፒ» የሞተርና የካምቢዮ፣ «ሲ» የፍሬን፣ የመሪና የሻሲ፣ «ቢ» የቦዲ ነው። «ዩ» ግን የመገናኛ መረቡ ነው፤ የሚመዘገበውም በአብዛኛው መልእክት ሲጠብቅ ባጣው ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «አልሰማሁትም ያለው ማን ነው?» መሆን አለበት። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ዳሽቦርዱም ኤቢኤሱን አጣን ካሉና ማሽኑም ሊያናግረው ካልቻለ፣ ችግሩ ወደ ኤቢኤሱ አካባቢ ያመለክታል። አንዱ ብቻ አጣሁት ካለና ሌሎቹ ከኤቢኤሱ ጋር በሰላም እየተነጋገሩ ከሆነ ደግሞ፣ መመርመር ያለበት ምናልባት ከሳሹ ነው።

መረቡ ካን ይባላል። የጀርመኑ ቦሽ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1983 ጀምሮ በ1986 ዲትሮይት ላይ ለመሐንዲሶች ጉባኤ አቀረበው፤ በ1991 መርሴዲስ በኤስ ክላስ መኪናው ላይ ተጠቀመበት። እያንዳንዱን ዕቃ ከእያንዳንዱ ጋር በየራሱ ሽቦ ማገናኘት መኪናውን በሽቦ ጭነት እየሞላው ስለነበር፣ ሁሉም በሁለት ሽቦ ላይ ተራ እየጠበቀ እንዲናገር ተደረገ።

የሁለቱ ሽቦዎች አሠራር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የሚናገር ከሌለ ሁለቱም 2.5 ቮልት አካባቢ ይቆያሉ። አንዱ ኮምፒውተር ሲናገር ካን ሃይ የሚባለው ሽቦ ወደ 3.5 ይወጣል፣ ካን ሎው የሚባለው ወደ 1.5 ይወርዳል፤ አድማጮቹ የሚያነቡት ልዩነቱን ብቻ ነው። ሽቦዎቹ እርስ በርስ የተገመዱ በመሆናቸው ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ይነካል፤ ልዩነቱ ሲሰላም ረብሻው ይጠፋል። ስለዚህ የተበጠሰ ካን ሽቦ ሲጠገን ግመዱን ሳይመልሱ ዘርግቶ መተው ጥገናውን ጎዶሎ ያደርገዋል።

ከዚህም በላይ የሚገርመው ሥርዓቱ ራሱን መጠበቁ ነው። መልእክት ልኮ የከሸፈበት ኮምፒውተር በውስጡ ስህተቱን ይቆጥራል፤ ቆጠራው ከ255 ሲያልፍ ሌሎቹን እንዳይረብሽ ራሱን ከመረቡ ያወጣል። «ዩ0073» የሚባለው ኮድ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ምርመራው በቀላሉ ይጀመር። ኮዶቹን ጽፎ መያዝ፣ ማጥፋት፣ መኪናውን አስነስቶ እንደገና ማንበብ። የደከመ ባትሪ ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ሲወርድ የዩ ኮዶችን በጅምላ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ እነዚህ ባትሪው ሲስተካከል አይመለሱም። ቀጥሎ የጠፋው ኮምፒውተር ፊውዝና ግራውንድ ይታያል። ግራውንዱ የሚለካው ዕቃው ኃይል እየሳበ ሳለ ቢሆን ይሻላል፤ የዛገ ብሎን ያለ ጭነት ሲለካ ደህና መስሎ ይታያልና።

ከዚያ በኋላ የሽቦው ተራ ነው። የባትሪው ገመድ ተነቅሎ፣ ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ በ6ኛውና በ14ኛው መካከል ኦም ይለካል። በመረቡ ሁለት ጫፍ ያሉት ሁለት 120 ኦም ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ 60 ይሰጣሉ። 120 ከተነበበ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። በቅርብ ጊዜ መኪኖች ግን ሶኬቱ የሚደርሰው ጌትዌይ የሚባለው በረኛ ኮምፒውተር ጋ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የመኪናውን የሽቦ ሥዕል ሳያዩ በዚህ ልኬት መፍረድ አይገባም።

60 እያነበበ የሚጠፋና የሚመለስ ብልሽት ትዕግሥት ይፈልጋል። ውሃ የገባበት ኮኔክተር፣ አይጥ የነከሰው ሽቦ፣ በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ጂፒኤስ ቀድመው የሚጠረጠሩ ናቸው። መልቲሜትሩ ላይ ዓይንን አድርጎ ሽቦውን በእጅ ማነቃነቅ፣ ወይም ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መረቡ የሚመለስበትን ቅጽበት መጠበቅ፣ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ለዚህ ሰዓት የሚጠየቅ ዋጋ ዕቃ እንደ መሸጥ አይታይምና ባለመኪናው ያጉረመርማል፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ የሚገባ ክፍያ ነው እላለሁ።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ይህ ሙያ ይበልጥ ያስፈልጋታል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ባትሪውን የሚቆጣጠረው፣ ሞተሩን የሚነዳውና ቻርጅ የሚያደርገው ኮምፒውተር በካን ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሲጠፋ መኪናው ባትሪው ሙሉ ሆኖም ላይንቀሳቀስ ይችላል። ቀጫጭኖቹን የካን ሽቦዎች መለካት እዚያም ያው ነው። ብርቱካናማ ልባስ ያላቸው ወፋፍራም ገመዶች ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ፤ ለዚያ ሥራ ያልሠለጠነ ሰው እጁን አያስጠጋባቸው።