መንጠቆ ከመወርወር በፊት፤ ለዓሣ ማጥመድ ጀማሪዎች

ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ወይም ለመስክ ሥራ ወደ ሐዋሳ የሚያቀኑ የመንግሥት ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳርቻ ሲዘዋወሩ ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህም መካከል በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትኩስ ዓሣ ቀምሶ መመለስ ብቻውን የማያረካቸውና ራሳቸው መንጠቆ ይዘው ዕድላቸውን ለመሞከር የሚሹ አሉ። መሣሪያው ርካሽ፣ ሙያውም ቀላል መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች ያለ አንዳች ዝግጅት ይጀምራሉ። ይሁንና የቱ ዓሣ፣ የትና መቼ መያዝ እንደሌለበት ከማጥመድ ስልቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከሐይቁ በብዛት ለገበያ የሚቀርበው ቆሮሶ ሲሆን፣ አምባዛና ቢልጫም ይገኙበታል። በሙያው የሚተዳደሩት አጥማጆች ለቆሮሶ መረብ፣ ለአምባዛ ደግሞ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ የተደረደሩ በርካታ መንጠቆዎችን ይጠቀማሉ። ለጀማሪ የሚስማማው ግን አንድ መንጠቆና አንድ ክር ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ወይም ሦስት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ሸንበቆ ወይም ቀርከሃ፣ ቀጭን የናይለን ክር፣ ጥቂት መንጠቆዎች፣ ክሩን ወደ ታች የሚስብ ትንሽ ክብደትና በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ የቡሽ ቁራጭ ነው። መንጠቆ ሲገዛ ቁጥሩን ማስተዋል ይገባል፤ በተለመደው አሰያየም ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል። ለቆሮሶ 10 ወይም 12 ቁጥር ይበቃል። ክሩ በመንጠቆው ቀዳዳ ካለፈ በኋላ በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ያህል ይጠመዘዛል፤ ከዚያም ጫፉ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረው ቀለበት ውስጥ ገብቶ፣ ቋጠሮው በምራቅ ረጥቦ ቀስ ብሎ ይጠብቃል። ደረቅ ቋጠሮ በድንገት ሲሳብ ክሩ በሰበቃ ይዳከምና ዓሣው በተያዘ ጊዜ ይበጠሳል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጀመሪያ ሙከራ ያለ ውጤት ያለፈው መንጠቆው ትልቅ በመሆኑ ነበር። የእንቁላል አስኳል የሚያህል ሊጥ ለጥፎ ለሁለት ሰዓታት ቢጠብቅም፣ ዓሦቹ ሊጡን ከዳር ከዳር ለቅመው ከመጨረስ በቀር መንጠቆውን አልጎረሱትም። አጠገቡ የነበረ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ግን በእጅ በተጠቀለለ ክርና የሽንብራ ፍሬ በማታህል ሊጥ አራት ቆሮሶ አወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፅዋትን በመሆኑ ትልቅ ጉርሻ አይስበውም። ትንሽ ሊጥ ወይም የመሬት ትል ቁራጭ ይሻለዋል። አምባዛ በአንጻሩ ሥጋም ሆነ የዓሣ ትርፍራፊ ስለሚበላ ከሐይቁ ወለል ተጠግቶ በሚጣል ትልቅ መንጠቆ ይያዛል። ክንፎቹ ሥር ያሉት ሹል አጥንቶች እጅ ስለሚወጉ ሲነሳ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የዓሣው መራቢያ ነው። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው የዳርቻ ውሃ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል። እንቁላሎቹን ግን እናቲቱ በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት አደጋ ሲሰማቸው ወደ አፏ ይመለሳሉ። በዚህ ጊዜ እምብዛም ስለማትመገብ ከመንጠቆ ይልቅ በመረብ የመያዝ ዕድሏ የሰፋ ነው። ሆኖም አልፎ አልፎ በመንጠቆ ትያዛለች፤ ስትወጣም ጫጩቶቹን ትተፋለች። በአንዲት ዓሣ መያዝ አንድ ትውልድ አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ፣ እንዲሁም ገና ያላደገ፣ በረጠበ እጅ ተይዞ ወዲያው ወደ ውሃው ሊመለስ ይገባል። ደረቅ እጅ የዓሣውን ገላ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል።

ወቅትን አለመጠበቅ የሚያስከትለው ጉዳት በጣና ሐይቅ በተግባር ታይቷል። በጣና ነጭ አሳ በሚል የወል ስም ከሚጠሩት ዝርያዎች አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ከእነዚህም በርካቶቹ በክረምትና በክረምቱ መውጫ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። አጥማጆች በወንዞቹ መግቢያ ላይ መረብ ዘርግተው ስለሚጠብቁና በአንዳንድ ወንዞችም የብርብራ ፍሬ ዱቄት ዓሣን ለማደንዘዝ ይውል ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን የተመራማሪዎች ጥናት አሳይቷል። በመሆኑም ጀማሪው በክረምት ከወንዝ መግቢያዎች ቢርቅ ይመረጣል፤ መንጠቆ የሚያወጣው ዓሣ ጥቂት ቢሆንም በዚያ ቦታና ጊዜ የሚያዘው ሊራባ የመጣው ነውና።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ ዓሣ ማጥመድን በፈቃድ እንዲሆን ያደረገ ሲሆን፣ መርዝና ፈንጂ መጠቀምንም ይከለክላል። ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ለመዝናኛ ብሎ የመጣ ሰው ጭምር አስቀድሞ የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ ይበጀዋል። ሌላውን ስለ ሕግ የሚያስተምር የመንግሥት ሠራተኛ በሐይቅ ዳር ተጠያቂ ሆኖ መገኘቱ ደግሞ የሚያስተዛዝብ ነው።

የራስን ደኅንነት በተመለከተ፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሣርና ቄጠማ በበዛበት የዳርቻ ውሃ ይኖራሉ። ተውሳኩ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ሱሪ ሰብስቦ ውሃ ውስጥ መቆም አይገባም፤ ነጠላ ጫማም አይከላከልም። በሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወጥቶ ንጋት ላይ ስለሚመለስ፣ በማለዳ በእርሱና በውሃው መካከል መገኘት ለሕይወት ያሰጋል። ወደ አባያና ጫሞ የሚሄድ ሰው ደግሞ አዞ መኖሩን አውቆ ከውሃው ጠርዝ ፈቀቅ ማለት አለበት። በጀልባ ለሚወጣ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ግዴታ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ለዋናተኛም አይመለስም።

የተያዘው ዓሣ በጥላ ሥር በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኖ ቶሎ ሆድቃው ሊወጣለት ይገባል። በሐዋሳ ጥሬ ዓሣን በዳጣ መብላት የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሐይቅ ዓሣ ወደ ሰው የሚተላለፉ ጥገኛ ትሎችን ሊይዝ ስለሚችል፣ ጀማሪው የመጀመሪያ ዓሣውን አብስሎ ቢበላ ይሻለዋል።