በሞያሌ የቤት ውስጥ አትክልትና መብራቱ

ሞያሌ ፀሐይ የጎደላት ከተማ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብም ወደ ሰሜን ሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ የምትገኝ በመሆኗ፣ በኬንያው ሰፈርም ሆነ በኢትዮጵያው ሰፈር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለው አገር ለአትክልት የሚሆን የኤሌክትሪክ መብራት ስለ መምረጥ ብንጽፍ፣ ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው ስለ ጉድጓድ ውሃ እንደ መምከር ሊቆጠርብን ይችላል።

ነገር ግን የከተማይቱን አኗኗር ያወቀ ሰው ምክንያቱን ይረዳዋል። ጤና አዳሟን፣ በሶብላዋንና የጥብስ ቅጠሏን በጣሳ የተከለች እመቤት ጣሳውን ደጅ ብታኖረው፣ በመንገድ የሚዞረው ፍየል ከቀኑ ፀሐይ ቀድሞ ይደርስበታል። ከፍየሉ ቢተርፍ ነፋስና አቧራ አለ፤ ውሃም በሞያሌ በቀላሉ የሚገኝ ነገር ስላይደለ፣ ደጅ የዋለ ጣሳ በአንድ ቀን ሲደርቅ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ተክሉ ወደ ቤት ይገባል። ቤቱ ደግሞ ሙቀትና አቧራ እንዳይገባበት መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ቀን ቀን መጋረጃው ወይም መዝጊያው ይዘጋል። በመሥሪያ ቤቶችም ነገሩ ከዚህ አይለይም፤ በመዝገብ ቁም ሣጥን ጥግ የቆመው አበባ የሚያየው ብርሃን የጸሐፊውን ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በሞላበት አገር በጨለማ የሚራብ ተክል ብዙ ነው።

አማርኛ በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን በዚህ ስፍራ አንድ ቃል ብንጨምር መልካም ይመስለናል። «ብርሃን» ማለት የሚያበራው ነገር ራሱ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን፣ የጨረቃ ብርሃን ይባላል። «መብራት» ግን ዕቃውንም፣ በሽቦ የሚመጣውንም ኀይል ይጠራበታል፤ «መብራት ጠፋ» ሲባል አምፑሉ ተቃጠለ ማለት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ተቋረጠ ማለት ነው። ተክል የሚፈልገው ብርሃንን ነው፤ ነጋዴው የሚሸጠው ግን መብራትን ነው። የገዢው ችግር ሁሉ የሚመነጨው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ነው።

ተክል ምግቡን የሚሠራው ከውሃና ከአየር ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ጉልበት የሚሰጠው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲያንስ ግንዱ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ ተክሉ ሁሉ ወደ መስኮቱ አንገቱን ያሰግጋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ውሃ ቢጠማው ነው» በማለት ውሃ ይጨምርለታል፤ በጨለማ ያለ ተክል ግን የሚጠጣው ጥቂት ስለ ሆነ ሥሩ በረጠበው አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። የሰው ዐይን በዚህ ረገድ የሚታመን ዳኛ አይደለም። ጥርት ባለ ቀን በቀትር ደጅ ላይ ያለው ብርሃን መቶ ሺህ ሉክስ በሚባለው መለኪያ ይደርሳል፤ ደኅና ብርሃን አለው የምንለው የጽሕፈት ክፍል ግን ከሦስት መቶ እስከ አምስት መቶ ሉክስ ቢኖረው ነው። ዐይናችን ራሱን ስለሚያስተካክል በሁለቱ ቦታ ያለ ችግር እናነባለን፤ ተክሉ ግን ይህ ስጦታ የለውም።

መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው በእጁ ሊመረምር ይችላል። በቀትር ጊዜ መዳፉን ከተክሉ በላይ አንድ ክንድ በማይሞላ ከፍታ ይዘርጋ። ጥላው ጣቶቹን ለይቶ በግልጽ ካሳየ ብርሃኑ ለአብዛኛው ተክል ይበቃል። ጥላው ደብዝዞ ጠርዙ ካልታወቀ፣ ጥላ ለሚችሉ ተክሎች ብቻ ይሆናል፤ ሰይፍ የመሰለ ረዥም ቅጠል ያለው ሳንሴቬሪያ፣ ወገኖቹ በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ምድር በዱር የሚበቅሉት፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጭራሽ ጥላ ካልታየ ግን ያ ስፍራ ለተክል አይሆንም።

መብራት ከመግዛት በፊት መስኮቱን መመርመር ይገባል፤ ይህ ገንዘብ አያስወጣምና። በአውሮፓ የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት ተክሉን በደቡብ መስኮት አኑሩ ይላሉ። ይህ ምክር ለለንደን እውነት ነው፤ ለሞያሌ ግን አይሠራም። እዚህ ፀሐይ ከመጋቢት መጨረሻ ገደማ እስከ መስከረም መጀመሪያ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀረው ወራት በደቡብ በኩል ትሄዳለች፤ በቀትርም ከራስ በላይ ስለምትቆም፣ ከንፉ ወጣ ያለ የቆርቆሮ ጣራ ብርሃኗን ይጋርደዋል። ከሁሉ የሚሻለው የምሥራቅ መስኮት ነው፤ የጧቷ ፀሐይ ጎንበስ ብላ ትገባለች፣ ሙቀቷም ገና ለስላሳ ነው። የምዕራቡ መስኮት ብርሃን አያንሰውም፤ የከሰዓት በኋላው ግለት ግን ቅጠል ያቃጥላል። ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ በተገባ ጊዜ ብርሃኑ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ጣሳውን ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ደፍ ማዛወር ብቻ አንድ አምፑል ከመግዛት የበለጠ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ ካልተቻለ መብራት ይገዛ። በገበያ የሚገኘው በሦስት ወገን ሊከፈል ይችላል። የቀድሞው ባለ ክር አምፑል ከሚበላው ኤሌክትሪክ ከመቶ አምስት ያህሉን ብቻ ወደ ብርሃን ይለውጣል፤ የቀረው ሙቀት ነው። ይህ ለተክል የማይረባ፣ ቢቀርብም ቅጠል የሚጠብስ ነው። ፍሎረሰንት የተባለው ረዥም የቱቦ መብራት በብዙ እጅ ይሻላል፤ የተክል ሕዋስ በብልቃጥ በሚያባዙ ላቦራቶሪዎች መደርደሪያ ላይ ለብዙ ዘመን ሲያገለግል የኖረው ይኸው ነው፤ በዚያም በቀን ዐሥራ ስድስት ሰዓት ማብራት የተለመደ ሥርዐት ነው። ሦስተኛው ኤልኢዲ የሚባለው ነው። ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈለሰፉት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት፣ ዛሬ ነጭ ብርሃን በርካሽ እንዲገኝ ያደረገው ሥራ ነው። ዛሬ የሚገዛ ሰው ኤልኢዲን ቢመርጥ አይቈጭም።

ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። አንድ ባለ 20 ዋት ኤልኢዲ በቀን 14 ሰዓት ቢበራ በወር የሚበላው 8 ነጥብ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ባለ 100 ዋቱ ባለ ክር አምፑል በዚያው ሰዓት 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ የሚሰጠውም ብርሃን ከኤልኢዲው ያንሳል። በኬንያ በኩል ኤሌክትሪኩን አስቀድሞ በቶከን ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. በዋለው ታሪፍ ዝቅተኛው ዋጋ የተመደበው በወር ከ30 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማይበልጥ ቤት ነው። እንግዲህ ባለ ክሩ አምፑል ለሦስት ጣሳ በሶብላ ብሎ ቤተሰቡን በሙሉ ከዝቅተኛው ዋጋ ሊያስወጣው ነው ማለት ነው። የልጆች ማጥኛ መብራትና የስልክ መሙያ ገና ሳይቈጠር መሆኑን ልብ ይሏል።

ገዢውን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሐምራዊ ቀለም ነው። ቀይና ሰማያዊ ኤልኢዲ ተደባልቀው የሚሰጡት ሐምራዊ ብርሃን የሳይንስ መልክ አለው፤ በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. የጠፈር ተመራማሪዎች በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ያበቀሉትን ሰላጣ በበሉ ጊዜ በፎቶግራፍ የታየው ሮዝማ ብርሃንም ለዚህ ዝናን ጨመረለት። ነገር ግን ማክሪ የተባለው ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ. በብዙ ዐይነት ሰብሎች ላይ ያሳተመው ጥናት፣ ቅጠል አረንጓዴውንና ቢጫውንም ብርሃን ለምግብ ሥራ እንደሚጠቀምበት አሳይቷል። ነጩ መብራት ለተክሉ ይበቃዋል፤ በዚያው ብርሃን ሰው ማንበብ ይችላል፣ በቅጠሉ ላይ የወጣ ነቍጥና ተባይም ይታያል። በሐምራዊው ውስጥ የታመመውና ጤነኛው ቅጠል አንድ መልክ ነው። ሁለተኛው አሳሳች በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «1000 ዋት» የሚለው ቍጥር ነው። ይህ ከሌላ ዐይነት አምፑል ጋር የተደረገ ማመሳሰል እንጂ መብራቱ በእውነት የሚበላው አይደለም። እውነተኛው ዋት በትንሹ ፊደል፣ ብዙ ጊዜ ከሣጥኑ ጀርባ ይገኛል። እኛ ገዢው ይህን ቍጥር ሳያነብ ገንዘብ እንዳይከፍል እንመክራለን፤ ሻጩ ቢቈጣም ይቈጣ።

ሞያሌ የድንበር ከተማ በመሆኗ ሌላ ቦታ የማይነሣ ጥያቄ ይነሣባታል። የሁለቱ መንግሥታት የጋራ የድንበር ኬላ በ2020 እ.ኤ.አ. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ አንድ ሰው ጧት በአንዱ ወገን፣ ከሰዓት በኋላ በሌላው ወገን ሊገበያይ ይችላል። አምፑሉ ግን ሁልጊዜ ከቤቱ ጋር አይስማማም። በኢትዮጵያ በኩል በብዛት የሚሸጠው አምፑል አንገቱ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ነው፤ በኬንያ ቤቶች የእንግሊዝ ልማድ ስለ ቀረ በሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ተጭኖ የሚዞረው ዐይነት ይበዛል። የሶኬቱም መሰኪያ እንዲሁ ነው፤ በኢትዮጵያ ሁለት ክብ እግር፣ በኬንያ ሦስት ጠፍጣፋ እግር። እግሩ አልገባ ሲል ሽቦውን ልጦ በባዶው መሰካት በውሃ አጠገብ ለሚቆም መብራት የሞት መንገድ ነውና፣ የተገቢውን መሰኪያ ዋጋ አለመቈጠብ ይገባል። የኀይሉ መጠን ግን አያስቸግርም፤ በኢትዮጵያ 220፣ በኬንያ 240 ቮልት ሲሆን፣ «220–240» የሚል የተጻፈበት መብራት በሁለቱም ወገን ይሠራል።

ከተገዛም በኋላ አሰቃቀሉ ዋጋውን ይወስናል። አምፑሉ ከቅጠሉ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ከጣራ ላይ የተሰቀለ አምፑል ስለዚህ ለተክል ጌጥ ብቻ ነው። ሦስት ወይም አራት ጣሳ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ባለ 20 ዋት ነጭ ኤልኢዲ ከላያቸው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቢሰቀል፣ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ቢበራ፣ የቅመም ቅጠሎች ደኅና ያድጋሉ። ሌሊቱን ጨለማ ማግኘት አለባቸው፤ ሃያ አራት ሰዓት ማብራት ትርፍ የለውም። ማብሪያና ማጥፊያ ሰዓት ቈጣሪ የሚገዛ ሰው፣ ቈጣሪው ላይ 06:00 የተጻፈው በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 12 ሰዓት መሆኑን ያስታውስ። በስዋሂሊም አቈጣጠሩ እንደ አማርኛው ስለ ሆነ፣ በዚህ ነገር የሚቸገር የሞያሌ ሰው ብዙ አይመስለንም።

በኢትዮጵያና በኬንያ የአበባ እርሻዎች ሌሊት የሚበሩትን መብራቶች ያየ ሰው፣ በቤቱ እንዲሁ ሌሊት ማብራት ያስፈልግ እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይችላል። የእነዚያ ሥራ ሌላ ነው። ጂፕሶፊላ የተባለችው ትንሿ ነጭ አበባ ለማበብ ረዥም ቀን ትፈልጋለች፤ የእኛ ቀን ግን ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ በደካማ መብራት ሌሊቱን በማሳጠር በጋ የሆነ እንዲመስላት ይደረጋል። ያ ብርሃን ምልክት ነው፣ ምግብ አይደለም፤ ምግቧን ከቀኑ ፀሐይ ታገኛለች። በሶብላና ጤና አዳም ይህን አይሹም።

የፀሐይ ኀይል ሰሌዳ በጣራቸው ላይ ያላቸው ቤተሰቦችም አንድ ነገር ቢያስቡ ደስ ይለናል። ሰሌዳው ከሚያርፍበት ብርሃን አንድ አምስተኛ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ መብራቱ ደግሞ ከዚያ ግማሽ ያህሉን መልሶ ብርሃን ያደርገዋል። ስለዚህ ተክሉ የሚደርሰው ከመጀመሪያው ፀሐይ አንድ ዐሥረኛ ቢሆን ነው፤ ባትሪው የሚያስቀረው ሳይቈጠር። በጣራው ላይ አንድ ነጭ የሚያሳልፍ ቆርቆሮ ማስገባት ከዚህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ይሻላል።

ብርሃን ያገኘ ተክል ውሃ መጠየቁ ስለማይቀር፣ መብራቱ በተሰቀለ በሳምንቱ ጣሳዎቹ ቀድሞ ከሚደርቁት ፈጥነው ሲደርቁ ቢታይ አያስደነግጥ። ሩዝና አትክልት የታጠበበት፣ ጨውና ሳሙና ያልነካው ውሃ ለዚህ ይሆናል። በዝናብ ወራት ችግኙን ወደ ደጅ ለማውጣት የሚያስብ ሰው ግን በአንድ ቀን አያውጣው፤ በመብራት ሥር ያደገ ቅጠል ስስ ነውና የሞያሌ ቀትር በአንድ ከሰዓት በኋላ ያነጣዋል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ በማግሥቱ ሁለት ሰዓት እያለ፣ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ከጧቱ ፀሐይ ጋር ያለማምደው፤ የሚያኖርበትንም ቦታ ፍየል ሁለት እግሩን አንሥቶ ቢቆም ከማይደርስበት ከፍታ ይምረጥለት።