ተጨማሪ መረጃ፦ የልጅ ጠባይና የሰውነት ክብደት

በወላይታ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው እጥረት ነው፤ ማሳው ለምልሞ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት «አረንጓዴ ረሃብ» እዚህ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ግን 1 በመቶ ገደማ ብቻ። ታዲያ ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ነው? አይደለም። በወላይታ ሶዶ ከተማ ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ ከየሱቁ አይጠፋም፤ በባጃጅ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅም የገጠር እኩያውን ያህል አይራመድም።

አንድ ዓይነት ብስኩት ፊት ሁሉም ልጅ እኩል አይፈተንም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል ሕፃናትን ጣፋጭ ፊት አስቀምጦ የታገሠ ሁለት እንደሚያገኝ ይነግራቸው ነበር። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ክብደታቸውና ቁመታቸው ሲጠየቅ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የታገሡት ክብደት ከቁመታቸው አንጻር በመጠኑ ዝቅ ያለ ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱ ጠባይ ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። ቤቱ ምግብ የሚያጥረው ልጅ ያገኘውን ቶሎ ቢበላ ብልህነት እንጂ ችኩልነት አይባልም። ወፍራሙን ልጅ «ሆዳም» ማለትም ስድብ እንጂ ሳይንስ አይደለም።

ጠባይ ክብደትን የሚነካበት ሌላው መንገድ በወላጅ እጅ ያልፋል። ቶሎ የሚነጫነጭ ልጅ ሳይርበው፣ ዝም እንዲል ብቻ፣ ጣፋጭ ይሰጠዋል፤ ይህ ሲደጋገም ልጁ ረሃቡን ከንዴቱ መለየት ሊቸገር ይችላል።