በአራዳ ስለሚገኙ የጥንት የቁም ሰዓቶች፤ ሣጥናቸው፣ መኪናቸውና ገጻቸው

ከሰው ቁመት በልጦ በረጅም የእንጨት ሣጥን ውስጥ የሚቆመው ሰዓት በከተማችን በብዛት የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ቢሆንም በአራዳና በፒያሳ በቆዩ ቤቶች ሳሎን አልፎ አልፎ ይታያል። እንግዳ ሲመጣ ስለ መልኩ ይወራል፤ ስለ አሠራሩ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የሰዓቱን ሦስት ክፍሎች፣ ማለት ሣጥኑን፣ መኪናውንና ገጹን፣ በተራ እንገልጻለን። ከዚህም ጋር ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ዋና ነገር አለ፤ እርሱም በአውሮፓ የተሠራ የቁም ሰዓት አራዳ ላይ ቆሞ በትክክል እንዲቆጥር እንደገና ከአገሩ ጋር መስማማት የነበረበት መሆኑ ነው። የዚህ መስማማት ምልክት በሰዓቱ አካል ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ማንበብ የሚችል ካለ ማለት ነው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማይቱ ዋና ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ በአራዳ ነበር። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የምድር ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። አርመኖች፣ ግሪኮችና ሕንዶች በዚሁ ሠፈር ሱቅ ከፈቱ። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ ገበያው ወደ መርካቶ ሲዛወር ለሠፈሩ ፒያሳ የሚለው ስም ቀረለት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰዓት የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜያትና በጥላ ነበር። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ የራሱን ጥላ በጫማው እየለካ፣ ጾም የሚፈታበት ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን ያውቅ ነበር። እንግዲህ መኪናው ሰዓት የመጣው ጊዜን ወደማያውቅ ሕዝብ ሳይሆን፣ የራሱ ቆጠራ ወዳለው ሕዝብ ነው።

ሀ. ሣጥኑ

ብዙ ሰዎች ሣጥኑ ለጌጥ ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሥራ ነው። ክርስቲያን ሃይገንስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1656 ፔንዱለምን ከሰዓት ጋር አገናኘ። የመጀመሪያዎቹ ፔንዱለሞች አጫጭር ነበሩ፤ የሚወዛወዙትም በሰፊው ነበር። በ1670 ገደማ በእንግሊዝ አገር መልህቅ የሚመስል መቆጣጠሪያ በወጣ ጊዜ ግን ፔንዱለሙ ረጅምና ከባድ ሆኖ በጠባቡ መወዛወዝ ቻለ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ከሆነ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለመሄድ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ይህን ፔንዱለምና ቀስ እያሉ የሚወርዱትን ክብደቶች ከነፋስ፣ ከአቧራና ከልጆች እጅ ለመጠበቅ ረጅም ሣጥን አስፈለገ።

ሣጥኑ ራስ፣ ወገብና እግር አለው። ራሱ ባለ መስተዋት ሆኖ ገጹን ይሸፍናል፤ በአብዛኛው ወደ ፊት ተስቦ ይወጣል። ወገቡ ክብደቶቹ የሚታዩበት ረጅም በር አለው። እንጨቱ ኦክ፣ ዋልነት ወይም ማሆጋኒ ነው። የአውሮፓ እንጨት በእኛ በጋ ይደርቃል፣ በክረምት ደግሞ ርጥበት ይጠጣል፤ ስለዚህ በቀጭን ቅጠል የተለበጠ ሣጥን ልባሱ ሊላቀቅ፣ በሩም ሊጣመም ይችላል።

ሣጥኑ ከግድግዳ ጋር ካልታሰረ ሌላ ጉዳት ይመጣል። ክብደቶቹ ወርደው የገመዳቸው ርዝመት ከፔንዱለሙ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ እነርሱም አብረው መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ የፔንዱለሙን ጉልበት ይወስዱና ሰዓቱ ይቆማል። የአራዳ አሮጌ ቤት ግድግዳው ብዙ ጊዜ ጭቃ፣ ወለሉም ሰው ሲራመድበት የሚንቀጠቀጥ ሣንቃ ነው። «ይህ ሰዓት ሳምንት ሳይሞላው ይቆማል» ተብሎ ከታማ፣ ጥፋቱ የመኪናው ሳይሆን የአቋቋሙ ሊሆን ይችላል።

ለ. መኪናው

መኪናው በሁለት የናስ ሠሌዳዎች መካከል የተደረደሩ ባለ ጥርስ መዘውሮች ስብስብ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው እንደ ኪስ ሰዓት ከሞላ ሳይሆን፣ በገመድ ከተንጠለጠለ የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት ነው። በተለመደው የስምንት ቀን ሰዓት አንደኛው መዘውር በ12 ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ገመዱ በማጠንጠኛው ላይ 16 ጊዜ ስለሚጠመጠም 192 ሰዓት፣ ማለት 8 ቀን ይሄዳል። ሁለተኛው መዘውር በሰዓት አንድ ጊዜ ዞሮ የደቂቃውን ቆጣሪ ይነዳል። የዚህ መዘውር ጥርሶች 64 ሆነው ከ8 ጥርስ ጋር ሲገናኙ ፍጥነቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ቀጥሎ 60 ጥርስ ከ8 ጋር ሲገናኝ ደግሞ 7 ከግማሽ እጥፍ ይጨመራል። ሁለቱ ሲባዙ 60 ይሆናሉ። ስለዚህ የመጨረሻው መዘውር በደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል። እርሱ 30 ጥርሶች አሉት፤ መልህቁ በፔንዱለሙ ሁለት ውዝዋዜ አንድ ጥርስ ብቻ ያሳልፋል። የምንሰማው ድምፅ ይህ ነው።

ከጎኑ ያለው ሁለተኛው የመዘውር ሰልፍ ደወሉን የሚመታ ነው። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያለው ሲደመር 78 ስለሆነ፣ መዶሻው በቀንና በሌሊት 156 ጊዜ ይመታል።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገር እንደርሳለን። በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ከዋክብት ሊቅ በፓሪስ የተስተካከለ ሰዓቱን በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ወደ ካዬን ወሰደ። ካዬን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ሰዓቱ በዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረ። ሰዓቱ አልተበላሸም፤ ምድር ወደ ወገቧ ሰፋ ያለች ስለሆነችና ስለምትሽከረከር ስበቷ በዚያ ይቀንሳል፤ ስበት ሲቀንስ ፔንዱለም ይዘገያል። ኒውተንም ይህን ማስረጃ በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ተጠቅሞበታል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ አራዳም ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ዝቅተኛው ኬክሮስና ከፍታው በአንድነት ስበቱን ከለንደን በሺህ ወደ አራት እጅ ያህል ያንሰዋል። ስናሰላው፣ ለንደን ላይ ልክ የነበረ ሰዓት በአራዳ በቀን ወደ 2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ፣ በሳምንትም 19 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከፔንዱለሙ ጫፍ ካለው ክብ ናስ ሥር አንዲት ዳዶ አለች፤ እርስዋን በማጥበቅ ክቡን ናስ ከፍ ማድረግ ነው። 994 ሚሊሜትር የሆነው ፔንዱለም ከ4 ሚሊሜትር በጥቂት ያነሰ ቢያጥር ሰዓቱ ይስተካከላል። ያቺን ዳዶ ያጠበቀ ሰዓት ሠሪ ስለ ሪሼ ሰምቶ ላይሆን ይችላል፤ እጁ ግን የአገሩን ስበት ለክቷል።

ሐ. ገጹ

የቀደሙት ሰዓቶች ገጽ አራት ማዕዘን ናስ ነበር፤ ከ1720 ገደማ ጀምሮ ከላዩ ቅስት ተጨመረበት፤ ከ1770ዎቹ ወዲህ ደግሞ ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት ገጽ ተስፋፋ። ገጹ የተሠራው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ለሚጀምር ሰው ነው። እኛ ግን ሰዓትን የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ የእኛ ቁጥር ሁልጊዜ ከፈረንጁ ቁጥር ትይዩ ነው፤ ሰባት ሲል አንድ፣ ዘጠኝ ሲል ሦስት ማለት ነው። በአራዳ ከአንድ ቤት ገብተን ሰዓቱ ሰባት ሲመታ ብንደነግጥ፣ የቤቱ እመቤት ስቀው፣ «ልጆቼ፣ እርሱ ሰባት ቢልም ለእኛ አንድ ማለቱ ነው፤ እኔ በጆሮዬ ስድስት ቀንሼ ነው የምሰማው» አሉን። እኛም «እማማ፣ ለምን በእኛ ቁጥር አያደርጉትም?» ብለን ጠየቅን። «አባቴ እንዲህ አድርገው ተዉት፤ እንዲሁ ይኑር» ብለው መለሱልን።

በእኛ ቁጥር ማድረግ ግን ይቻላል። ገጹ የ12 ሰዓት ስለሆነ ቆጣሪዎቹን ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ማዞር፣ በየሰዓቱም ቆም እያሉ ደወሉ መትቶ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው።

ችግሩ የቀን ቁጥር ባለው ሰዓት ላይ ነው። በገጹ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት የምትታየው ቀለበት 31 ቁጥሮች አሏት። ለፈረንጅ ወር በዓመት 5 ጊዜ ብቻ በእጅ ትታረማለች። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ግን በየወሩ አንድ እርምጃ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ጳጉሜን 5 ቀን ሆና ስታልቅ ደግሞ 26 እርምጃ። እርማቱ በዓመት 13 ጊዜ ይሆናል። ሰዓቱ በእኛ ቁጥር ከተሞላ፣ ቀለበቷ የምትለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን በ12 ሰዓት፣ በማታው ወይም በጧቱ ነው። ይህ ለእኛ ስሕተት አይደለም፤ የማታው ቀኑን ከዋዜማው ምሽት ከሚጀምረው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር፣ የጧቱም ከሕዝቡ ልማድ ጋር ይስማማል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የጨረቃው ክበብ ነው። በገጹ ቅስት ውስጥ ሁለት ጨረቃዎች የተሳሉበት ክብ ሠሌዳ አለ፤ በ59 ቀን ግማሽ ዙር ሳይሆን አንድ ሙሉ ዙር ስለሚዞር ለእያንዳንዱ ጨረቃ 29 ቀን ተኩል ይደርሳል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም የጨረቃን ወር አንዱን 29፣ አንዱን 30 አድርገው ይቆጥራሉ፤ ሁለቱ 59 ይሆናሉ። ስድስት ጊዜ 59 ደግሞ 354 ነው፤ ከ365 ሲቀነስ የአበቅቴ መነሻ የሆነው 11 ይተርፋል። የእንግሊዝ ሰዓት ሠሪና የአገራችን መሪጌታ ሳይተዋወቁ በአንድ ቁጥር ተገናኝተዋል።

መ. የጥላው ሰዓትና የመኪናው ሰዓት

የአገራችን የመንግሥት ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ የተመሠረተ ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው ግን በ38 ዲግሪ ተኩል አልፎ ነው። ስለዚህ በአማካይ ፀሐይ ከአናታችን የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6 ሰዓት ከ9፣ በየካቲት መጀመሪያ ወደ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ይሆናል። በጥላ የሚለካ አረጋዊና በሰዓት የሚመራ ልጁ ስለ ቀትር ቢከራከሩ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሠ. ምን እናድርግ?

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ የፒያሳና የአካባቢው አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎችም ወደ ሌላ ሠፈር ሄደዋል። የከተማ መታደስ አስፈላጊነቱን አንክድም። ነገር ግን ቤት በችኮላ ሲለቀቅ ሁለት ሜትር የሚያልፍ ሰዓት የማይመች ሸክም ነው። ሣጥኑ ለእንጨቱ፣ መኪናው ለናሱ ለየብቻ ከተሸጠ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ምንም አይናገሩም። የተነሣችው ዳዶ፣ ከግድግዳ የታሰረበት ቀዳዳ፣ ሰዓት ሠሪዎች ባደሱ ቁጥር በሠሌዳው ላይ በመርፌ የሚጭሩት ቀንና ምልክት፣ እነዚህ ሁሉ በአራዳ ማን ምን ያውቅ እንደነበር የሚመሰክሩ ናቸው። በመጽሐፍ ያልተጻፈ የሰዓት ሠሪዎች ታሪክ ከዚህ በቀር ሌላ መዝገብ ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን የምናሳስበው ይህን ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ያለበት ቤት የምታውቁ፣ ሰዓቱ ከቦታው ሳይነሣ በፎቶግራፍ አንሡት፤ የፔንዱለሙን ርዝመት ለኩ፤ በእኛ ወይም በፈረንጅ ቁጥር መሞላቱን ጻፉ፤ ከገጹ በስተ ኋላ የተጫረውን ምልክት በሰዓት ሠሪ እርዳታ ገልብጡ፤ ባለቤቶቹንም ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ናሱን ግን አትወልውሉ፤ ጭረቱ አብሮ ይጠፋልና። መነሣት ካለበትም አስቀድሞ ክብደቶቹንና ፔንዱለሙን አውርዱ፤ ሣጥንና መኪናም አይለያዩ። ይህን ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሜትር፣ እርሳስና የአንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ይበቃል።